ጣራው እስኪመልስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጠዋት መብራት ነበር፤ ተመስገን። የሶሎ ዘማሪያችንን የሊድያን የመጨረሻ መዝሙር ቀዳን። ስንቴ አቋረጥን... የጎረቤት ዶሮ፣ ቀጥሎ ፍየል፣ ቀጥሎ ወንድሜ አንጁሎ ራሱ ባጃጁን ግቢ አስገብቶ ጥሩምባ ነፋ። ስቱዲዮ መሆኑን ይረሳዋል። አልፈርድበትም። እሱ ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩና ስቱዲዮ ተባለች።

መዝሙሮቹ ሁሉ ተቀዱ። ግማሹ በእኛው ቋንቋ በአሪኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ኳየራችን እስካሁን ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ሀዋሳ ነው የተሠሩት። ይሄ ጂንካ ተቀድቶ ጂንካ የሚያልቅ የመጀመሪያው ይሆናል... ካለቀ። የኳየሩ መሪ ወንድም ደምሰው አላመነኝም። እስከ ገና አሰሚኝ፣ ካልሆነ ፋይሉን ለሀዋሳ ልጆች እልካለሁ ብሏል። ቀድታ ያስረከበች ልጅ ሆኜ ልቀር? አልቀርም።

ጥሬውን አሰማሁት። ኢኮው የታለ አለኝ። እዚህ አገር ሪቨርብን ሁሉም ሰው ኢኮ ነው የሚለው። ገና አልጨመርኩም አልኩ። ጨምሪበታ አለ፣ ጨው የጎደለው ወጥ ይመስል።

ሊድያ ከገና በኋላ አግብታ ሀዋሳ ትገባለች። ስለዚህ ድጋሚ መቅዳት የለም። ያለኝ ያለኝ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ኳየሩ ይጎተታል። ምቱን የሚቆጥረው ክሊክ በጆሮ ማዳመጫው እየመታላቸው፣ ስንኝ ሲያልቅ ቆም ይላሉ። ሁሉም፣ በአንዴ። ሊድያማ ጭራሽ አገጯን ቀና አድርጋ ትቆማለች፤ ምን እንደምትጠብቅ እንጃ። ከዚያ ቀጣዩ ስንኝ ከክሊኩ ኋላ ይነሳል። ይህን ያህል ሰው እንዴት አንድ ላይ ይሳሳታል?

ቀኑን ሙሉ ቆረጥኩ። ክፍተቱን ጣልኩ፣ ስንኙን ወደ ምቱ ሳብኩ። ወገቤ ተቀነጠሰ። ኪቦርድ የሚጫወትልን ኤልያስ መጥቶ ሰማና አሁን ሙዚቃ መሰለ አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ሪቨርብ መረጣ። ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣው አለ፤ ክፍል፣ አዳራሽ፣ ካቴድራል ይላል። ክፍሉን ሳደርገው ሊድያ መታጠቢያ ቤት ገብታ የምትዘምር ትመስላለች። አዳራሹ ደህና ነው፣ ግን የማን አዳራሽ? ካቴድራሉ ቃሉን ሁሉ በላው። አሪኛው ከአማርኛው አይለይም።

ኤልያስ ፍላሽ ይዞ መጣ። ውስጡ የፕላግኢን፣ የድምፅ ማስዋቢያ ፕሮግራም መዓት፣ ሁሉም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ። እምቢ አልኩ። በሌባ ዕቃ መዝሙር አልሠራም አልኩት። ሳቀብኝ።

"ዊንዶውሱንስ ገዝተሽው ነው?" አለኝ።

አልገዛሁትም። ቢሆንም እምቢ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ኔትወርክ ዛሬ ደህና ነበር፤ ገበያ ቀን ሆኖ እንኳን። አንድ ታዋቂ ፕላግኢን አወረድኩ፣ የሙከራውን። ወይ ድምፅ! ሊድያ ስትገባ ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ጭጭ። ሙከራ ስለሆነ በየመሃሉ ራሱን ይዘጋል። "ጌታ ሆይ" ስትል ጭጭ፣ "ምሕረትህ" ስትል ጭጭ።

ለመግዛት የውጭ ካርድ ይፈልጋል። ባንክ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጅቷ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለኢኮ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። ወጣሁ።

ነፃ ከሆኑት ደግሞ አምስት አወረድኩ። ሁሉንም እሞክራለሁ። አንዱ መሆን አለበት።

አርብ፣ ኅዳር 28

ደምሰው መጣ። አምስቱንም አሰማሁት፣ አንዱን መዝሙር በአምስት መልክ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አዳመጠ። አንዱንም አልወደደም።

"ኢኮው ሞልቷል" አለ። "ግን እኛን አይመስልም። አንድ ሰው ከኋላ የሚያባርራቸው ነው የሚመስሉት።"

ማን ነው የሚያባርራቸው? በምት ላይ ስለዘመሩ? የተናደድኩት ንዴት... ሻይ እንኳን ሳልጋብዘው ሄደ። ሀዋሳ ብትልከው እነሱስ ምት ላይ አያስገቡትም ወይ ልለው ነበር፣ ከሄደ በኋላ መጣልኝ።

የሪቨርቡን ርዝመት ጨመርኩ። ባሰበት። ቀነስኩ። ደረቀ። ነገ እንደገና።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 7

ጉንፋን ይዞኝ፣ አምልኮ ላይ ድምፅ የምቆጣጠርበትን ሚክሰር ለኤልያስ ሰጠሁና ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ፓስተር አስታወቁ፤ ከገና በኋላ አዳራሹ ይፈርሳል። የጭቃው ግድግዳ አዘንብሏል፣ በብሎኬት ሌላ ይሠራል፣ እስከዚያ ድንኳን ውስጥ እናመልካለን። ሰው እልል አለ። እኔም በተዘጋ አፍንጫዬ እልል አልኩ። ከዚያ ኳየሩ ተነሳ።

ለካ ከኋላ ሆኜ ሰምቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ ሚክሰሩ ጋ ነኝ፣ ሞንታርቦው ጆሮዬ ሥር እየጮኸ። ዛሬ ሰማሁ። ስንኙ አለቀ። ቆሙ። ሊድያ አገጯን ቀና አደረገች። ድምፃቸው ወደ ቆርቆሮው ወጣ፣ እዚያ ላይ ዞረ፣ ተመልሶ በሰው ራስ ላይ ወረደ... እሱ ሲያልቅ ቀጣዩን ስንኝ አነሱ። እንደገና ቆሙ። እንደገና ወረደ።

እየጠበቁ ነው! ጣራው እስኪመልስላቸው እየጠበቁ ነው። ማንም ጠብቁ አላላቸውም፤ እዚህ ቤት ስላደጉ ነው። እኔ ብርድ ልብስ መሃል አስገብቼ ስቀዳቸውም ጠበቁ። ጣራው የለም። እኔ ደግሞ መጠበቃቸውን ጥፋት አድርጌ ቆርጬ ጣልኩት። የሚያባርራቸው ሰው እኔው ነኝ።

ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር አላውቅም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ያልተቆረጠው ዲስኩ ላይ አለ። አለ! ከፍቼ ሰማሁት። ሁሉም ቦታ ላይ ያው ነው፤ ስንኝ፣ ዝምታ፣ ስንኝ። ዝምታው ውስጥ የሊድያ ትንፋሽ እንኳን ይሰማል።

ለኤልያስ ነገርኩት። ኪቦርዱን እንደገና መጫወት አለብህ አልኩት፣ ያለ ክሊክ፣ እነሱን እየተከተልክ። ያን ሁሉ ሥራ አፈር ልታበይው ነው ወይ አለ። አዎ አልኩ። ተነጫነጨ፣ ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ተነጫነጨ። ከምሳ በኋላ ተመለሰ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ቁርጡን ሁሉ መለስኩ። ኤልያስ እያጉረመረመም ቢሆን ጥሩ አድርጎ ተጫወተ። አሁን አይሮጡም። አሁን ሌላ ጣጣ... ዝምታው ባዶ ነው። ይጠብቃሉ፣ የሚመጣ የለም። እነዚያን ነፃ ሪቨርቦች አንድ በአንድ አስገባሁ። አንዱ ሳይጨርሱ ይቀድማቸዋል፣ አንዱ ቀጣዩ ስንኝ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ያልጠሩት እንግዳ ነው።

የሚፈልጉት ያንን ጣራ ነው። ይፈርሳል።

ግን አንድ ዓይነት ሪቨርብ አለ፤ የራሱ ድምፅ የለውም። የፈለግሽውን ቤት መልስ ቀድተሽ ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ማንኛውንም ድምፅ እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ነፃውን አገኘሁ። ቤቱን ለመቅዳት የሚያስፈልገው ማይክና አንድ ኃይለኛ ፍንዳታ ነው። ፊኛ ይበቃል ይላል። ፊኛ!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

የልደት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊኛ ገዛሁ። ሣራ፣ ባለሱቋ፣ የማን ልደት ነው አለችኝ። የአዳራሹ አልኳት። ቀብሩ ማለት ነበረብኝ።

አዳራሹን አስከፈትኩ። አንጁሎ ኳየሩ የሚቆምበት ቦታ ቆሞ በመርፌ ወጋው። ቀዳሁ። ቤት ወስጄ ሊድያ ላይ ሞከርኩት። አይደለም። ረጅምና ሹል ነው፣ ጆሮ ይቧጥጣል። የተበላሸ መስሎኝ አራት ጊዜ ሰማሁ። አልተበላሸም። ይሄ ባዶው አዳራሽ ነው። እነሱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መቼ ዘምረው ያውቃሉ? የእሁዱ ቤት በሰው የተሞላ ነው፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የታዘለ ሕፃን... ገላና ልብስ ድምፅ ይጠጣል።

እንግዲህ ሰው ሞልቶበት ነው የሚቀዳው። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ በአምልኮ መሃል፣ ፊኛ ሲፈነዳ። ለደምሰው እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ነገርኩት። እግዚአብሔር ቤት ውስጥ? ፊኛ? አለኝ። ለሽማግሌዎቹ ንገሪ ብሎኝ ሄደ። የሽማግሌዎች ስብሰባ ረቡዕ ነው። እገባለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24

ገባሁ። ጣራውን ልቀዳው እፈልጋለሁ አልኩ። ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ ቆርቆሮው እኮ ይሸጣል አሉኝ፤ ልገዛው የመጣሁ መስሏቸው ነበር። እንደገና አስረዳሁ። መዝሙሩ የሚቆምበት ቦታ አለ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሚገባው የዚህ ቤት ድምፅ ነው፣ ከፈረሰ ከየትም አይመጣም አልኩ። ደምሰው መሬት መሬት ያያል። አንዱ ልጆች ይስቃሉ አሉ። ሌላው ጨዋታ ይመስላል አሉ። አለቀልኝ አልኩ።

የሴቶችን ኅብረት ወክለው የሚገቡት እማማ አየለች ናቸው። እስከዚያ አልተናገሩም።

"ይሄን ግድግዳ ጭቃውን ረግጠን ያቦካነው እኛ ነን፤ ያኔ ይቺ አልተወለደችም" አሉ። "የሚቀረን ነገር ካለ ትቅዳው። ለሳቁ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ።"

ጥር 5፣ የመጨረሻው አምልኮ ላይ፣ ከስብከቱ በፊት ተፈቀደ። ግን ደምሰው የሰጠኝ ጊዜ እስከ ገና ነው። በር ላይ ጠብቄ ለመንኩት። እስከ ጥር 10 አለኝ። ካልሆነ በዚያው ቀን ለሀዋሳ ይላካል። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

ሊድያ ሄደች። ገና ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ዘመረች፣ ሰው አለቀሰ። መናኸሪያ ሸኘኋት። አልበሙ እንዴት ነው አለችኝ። በመጠበቅ ላይ ነኝ አልኳት። ምን እንደምትጠብቅ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ስንኙ ሲያልቅ፣ አገጯን ቀና ስታደርግ። ግራ ገባት። አገጬን ቀና አደርጋለሁ እንዴ አለች።

ናፈቀችኝ ከአሁኑ።

እሁድ፣ ጥር 5

ሆነ።

በጠዋት ጢም ብሎ ሞላ፤ ከገጠሩም ቤቱን ለመሰናበት መጥተዋል። ማይኮቹን መሃል አግዳሚው ላይ ተከልኩ። ቶሎ መሆን አለበት፣ ፀሐይ ሲጠነክር ቆርቆሮው ራሱ መንጣጣት ይጀምራል። ፓስተር ለምን እንደሆነ ለሕዝቡ ነገሩ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው አሳምረው ያስረዱት። አንጁሎ ሱፍ ለብሶ፣ ቀይ ፊኛ ይዞ ኳየሩ ፊት ቆመ። ሳቄን በስንት መከራ ዋጥኩት።

የመጀመሪያው ሲፈነዳ አንድ ሕፃን ደንግጦ ጮኸ። ይሁን። ሁለተኛው ግሩም ነበር፣ ጭጭ ብለው ነበር... ፈነዳ፣ መልሱ መውረድ ሲጀምር ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ "አሜን!" አለ። ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ፤ ከፊት የሆነ ነገር ሲሆን አሜን ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ አየለች ልጆቹን ይዘው ራሳቸው ይስቃሉ። ደምሰው ፊቱ ቀልቷል። አንድ ፊኛ ቀረኝ። ሌሎቹን አንጁሎ ሲነፋ አፈንድቷቸዋል።

ፓስተር እጃቸውን አነሱ። "አሜኑን በልባችን" አሉ።

ዝም ተባለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ እዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። አንጁሎ ወጋው። ወጣ... ዞረ... ወረደ። ማንም አልተነፈሰም። ካለቀ በኋላም ዝም አሉ። እኔ ነኝ አሜን ያልኩት።

ሰኞ፣ ጥር 6

ቆርቆሮውን እያወረዱ ነው። ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሄጄ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። አንጁሎ የባጃጁን ሥራ ትቶ የጎረቤት ጄኔሬተር ተሸክሞ አመጣልኝ። ዛሬ ጥሩምባውን ይቅር ብየዋለሁ።

የአዳራሹን ድምፅ ጫንኩ። የመጀመሪያውን የአሪኛ መዝሙር ከፈትኩ። ሊድያ ስንኙን ጨረሰች። ትንፋሿ ተሰማ። ከዚያ ከላይ ወረደ። ልክ እሱ ሲያልቅ እሷ ቀጠለች። ምንም አላስተካከልኩም፣ አንድ ቁልፍ አልነካሁም። ክፍተቱ ልኩን ያውቃል፣ እነሱ ለዚያ ቤት ለክተው ነው የተዉት።

አለቀስኩ። ኤልያስ ጄኔሬተሩን ላየው ብሎ ወጣ። ጄኔሬተሩ ምንም አልሆነ።

አርብ፣ ጥር 10

ደምሰው ሰማ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳያልፍ። ሲያልቅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ሀዋሳ አይሄድም" አለ።

በዚህ ብቻ አልለቀቅኩትም። ሻይ አፈላሁለት፣ ሁለት ጊዜ ቀዳሁለት፣ ስሜ አልበሙ ላይ እንዲጻፍ አስማልኩት። አቢጊያ፣ ጂንካ ተብሎ። ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

እሁድ፣ የካቲት 3

አልበሙ ወጣ። አንጁሎ በባጃጁ ከፍቶት ከተማውን ያዞረዋል፤ ተሳፋሪ መልስ ሲጠይቅ አይሰማም። ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

ግን ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ... ኳየሩ ተነሳ። ስንኙ አለቀ፣ ቆሙ። ምንም። ሸራው ድምፁን ዋጠው። ተደናገጡ፣ ቀጣዩን አፈጠኑ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ መቆሙንም ተዉት። እኔ ስቆርጣቸው እንደነበረው ሆነው ዘመሩ። አዳዲሶቹ ደግሞ፣ በገና የገቡት፣ ሌላ አያውቁም። እንዲህ ነው የሚዘመረው ብለው ይይዙታል። አዲሱ ቤት እስኪያልቅ ስንት ዓመት? እነሱ እስከዚያ ይረሱታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ከቱርሚ አንድ የኳየር መሪ ደወለ። አልበሙን ሰምቶ፣ ያንን ኢኮ በቴሌግራም ላኪልኝ ይላል። አልልክም አልኩት። ቅር አለው። የእናንተ ቤት የራሱ አለው፣ የኛን ብትጭኑበት መዘምራንህ ይደናቀፋሉ፣ መጥቼ የእናንተን እቀዳለሁ አልኩት። መቼ አለ። ፊኛና እዚያ የሚያደርሰኝ የጭነት መኪና ሳገኝ አልኩ። አሁን ግን ሌላ ሥራ አለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ለደምሰው ነገርኩት። ላፕቶፑን ከሚክሰሩ ጋር አገናኛለሁ፣ የኳየሩ ድምፅ በአዳራሹ ድምፅ ውስጥ አልፎ በሞንታርቦ ይወጣል፣ እዚያው ሲዘምሩ። ይቻላል ወይ አለ። አላውቅም፣ እሞክራለሁ አልኩ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ ኳየሩን ሲመራ ጀርባውን አይቼዋለሁ። ትከሻው ወድቋል። እሱም የቸገረው ይሄው ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ድንኳኑ ውስጥ ከኤልያስ ጋር ዋልን። ማይኩ ሞንታርቦውን ይሰማና ያፏጫል። ሞንታርቦዎቹን አዟዟርን፣ ከፍ አድርገን ምሰሶው ላይ አሰርናቸው። አፏጨ። ማይኮቹን ወደ አፍ አስጠጋን። ቀነሰ። ኤልያስ ይብቃሽ አለኝ። አይበቃኝም። ማታ ሲመሽ ማፏጨቱን አቆመ።

እሁድ፣ የካቲት 17

ለኳየሩ አልነገርንም። ደምሰው ብቻ ያውቃል።

ተነሱ። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘመሩ፣ እንደ ሰሞኑ ፈጠን ብለው። ቀጣዩን ሊያነሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር... ከላይ ወረደ። ያ ቤት። የነጠላው፣ የጋቢው፣ የዚያ ሁሉ ሰው ዝምታ ያለበት። አንዷ ዘማሪ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊት አግዳሚው ላይ እማማ አየለች ቀና አሉ።

ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ቆሙ። ሁሉም፣ በአንዴ። አዳዲሶቹ እንኳን ጎናቸውን አይተው ቆሙ። እስኪወርድ ጠበቁ፣ ከዚያ አነሱ። እየዘመሩ ነው፣ እንደነበረው አድርገው እየዘመሩ ነው!

ደምሰው እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ ላይ ተመለከተ። ከላዩ ያለው ሸራ ነው።